ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ፦ ወጪውና ጥቅሙ በምን ሚዛን ይመዘናል?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ማሽካንታ፣ ከመሥሪያ ቤት ስለሚመጡ ወረቀቶች ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ግን በአንድ በርሜል ምክንያት ያሰብነውን ልናካፍላችሁ ወደድን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድን ነገር «ይጠቅማል» ወይም «አይጠቅምም» ብለን ስንፈርድ በምን ሚዛን እንደምንፈርድ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘነው፣ እናንተም በየቤታችሁ ብትወያዩበት መልካም ነው እንላለን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ወራት እዚሁ ዓፉላ ውስጥ፣ በማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኝነታችን፣ ወደ አንድ ቤተሰብ እንድንሄድ ተጠየቅን። አሥራ ስድስት አባወራ በሚኖርበት ሕንፃ፣ በምድር ቤት፣ አንድ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸውና ከባልየው እናት ጋር ይኖራሉ። እናቲቱ ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ በመስኮታቸው ሥር ወደ ጋራው ግቢ ስለሚፈስ፣ እሳቸው አንድ አሮጌ በርሜል አምጥተው ከሥሩ አቆሙ፤ በሚርፔሴቱ ላይም ሳፋና ባልዲ ደረደሩ። ጎረቤቶች «ቢንቢ ያራባል፣ ግቢውንም ያበላሻል» ብለው ለቫዓድ ባይት አመለከቱ። ልጃቸው በጎረቤት ፊት አፈረና «እማዬ፣ እዚህ አገር ቧንቧ አለ፤ ለምን ታሳፍሪናለሽ?» አላቸው። እናቲቱም «በርሜሉን ከጣላችሁት እኔንም አብራችሁ ጣሉኝ» ብለው ከልጃቸው ጋር መነጋገር አቆሙ።

እኛም ለማስታረቅ ገባን። በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ስንማር፣ ወጪንና ጥቅምን እየመዘኑ መወሰን ጥሩ ዘዴ መሆኑን ተምረናልና ወረቀትና እርሳስ አውጥተን አሰላን። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ማለት 1000 ሊትር ሲሆን፣ በነዚህ ዓመታት በዝቅተኛው ዋጋ ወደ 8 ሸቀል ይከፈልበታል። ስለዚህ ሙሉው በርሜል የሚያወጣው 1 ሸቀል ከ60 አጎሮት ነው። «እማማ፣ ይህ ሁሉ ጠብ ለሁለት ሸቀል እንኳ ለማይሞላ ነገር ነው» አልናቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ እኔ መች ገንዘብ አልኩ? እኔ ያልኩት ውሃ ነው» አሉን። ሂሳባችን ትክክል ነበር። ነገር ግን አፍረን ወጣን።

በዚያ ስንኖር

ለምን እንዳፈርን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጎንደር ገጠር ውሃ በሸቀልም በብርም አይለካም ነበር። የሚለካው በጀርባ ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች በእንስራ፣ ኋላም በጀሪካን ከወንዝና ከምንጭ ያመላልሱ ነበር። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው አሸንዳ ሠርቶ በርሜል ቢያቆምና አንድ ኃይለኛ ዝናብ ቢሞላለት፣ ከአሥር የወንዝ መንገድ ዳነ ማለት ነው። ከዚያ አሥር መንገድ ውስጥ ለአንዲት ልጅ ትምህርት ቤት የምትሄድበት ሰዓት ይገኛል።

እንግዲህ አስተውሉ። ያው በርሜል፣ ያው 200 ሊትር፣ እዚያ አሥር ጊዜ ወንዝ መውረድና ሽቅብ መውጣት ነው፤ እዚህ አንድ ሸቀል ከስድሳ ነው። ውሃው አልተለወጠም። የተለወጠው ውሃውን እኛ ዘንድ የሚያመጣው ድካም ነው። እናቲቱ የሚመዝኑት በዚያ ሚዛን፣ ልጃቸው የሚመዝነው በዚህ ሚዛን ነበር። ሁለቱም አልዋሹም።

ለቤተ እስራኤል ደግሞ ውሃ ከመጠጥም በላይ ነበር። አባቶቻችን መንደራቸውን በወንዝ አጠገብ መመሥረታቸው በአጋጣሚ አልነበረም፤ የመንጻት ሥርዓት ወራጅ ውሃ ይፈልግ ስለነበር ነው። በዚህ አገርም ሚቅቬ በእጅ በተቀዳ ውሃ ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ በራሱ የወረደ የዝናብ ወይም የምንጭ ውሃ ይጠይቃል። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ከሰማይ የወረደውን ውሃ ዝም ብሎ ወደ መንገድ ሲፈስ ማየት ቢከብዳቸው፣ እንደ ድንቁርና ሊቆጠርባቸው አይገባም።

ይህን ስንል ግን በዚያ አገር የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ሁልጊዜ የተሳካ ነበር ማለታችን አይደለም። ከ2002 እስከ 2003 ከደረሰው ድርቅ በኋላ፣ መንግሥት በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች እያንዳንዱ ገበሬ በጓሮው ኩሬ እንዲቆፍር ሰፊ ዘመቻ አካሄደ። ኩሬዎቹ ከሥር ፕላስቲክ ይነጠፍባቸው ወይም በሲሚንቶ ይለሰኑ ነበር። ከነዚህ ኩሬዎች ሽንኩርትና በርበሬ አጠጥተው የተጠቀሙ ገበሬዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ፕላስቲኩ እየተቀደደ ውሃው የሰረገባቸው፣ ፀሐይ ያደረቃቸው፣ የወባ ትንኝ የተራባባቸው፣ ለልጅና ለከብት የሚያሰጉ ብዙ ኩሬዎችም ነበሩ። ከላይ በኮታ ሲታዘዝ የተቆፈረው ጉድጓድ ብዛት ይቆጠራል፤ የቆፋሪው ድካምና የትንኙ ጉዳት ግን አይቆጠርም። ከዚህ የምንማረው፣ ዝናብ በነጻ ቢወርድም ማጠራቀሙ ነጻ አለመሆኑን ነው።

እዚህ ሂሳቡ ሌላ ነው

አሁን ወደ ዓፉላ እንመለስ። በጎንደር ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ እዚህ ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ይወርድና በበጋው ጨርሶ ይጠፋል። ለሂሳባችን እንዲመች በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ይዘንባል እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 40 ሜትር ኩብ ይቀበላል። ሲሰሙት ብዙ ነው።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ለመያዝ የመዋኛ ገንዳ የሚያህል ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። የራሱ ቤትና ግቢ ያለው ሰው አንድ ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንክ ቢያቆም፣ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ይፈሳል። ክረምቱን በሙሉ አሥር ጊዜ ሞልቶ አሥር ጊዜ ቢጠቀምበት 10 ሜትር ኩብ አገኘ። ይህም በዝቅተኛው ዋጋ 80 ሸቀል፣ ወደ 15 ሸቀል በሚጠጋው በከፍተኛው ዋጋ 150 ሸቀል ነው። ታንኩ፣ ቧንቧውና ማጣሪያው 2000 ሸቀል ቢፈጁ፣ በዝቅተኛው ዋጋ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ25 ዓመት በኋላ ይሆናል። በዚያ ላይ አትክልቱ ውሃ የሚጠማው በሐምሌ ነው፤ ታንኩ የሚሞላው ግን በጥር፣ አትክልቱ ራሱ ከሰማይ በሚጠጣበት ወር ነው። አንድ ታንክ ክረምትን ወደ በጋ ሊያሻግር አይችልም።

በጋራ ሕንፃ ለምንኖረው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ጣሪያው 300 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት 120 ሜትር ኩብ ይቀበላል። ለአሥራ ስድስት አባወራ ሲካፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው 7.5 ሜትር ኩብ ነው፤ እሱም አንድ ጠብታ ካልፈሰሰ ነው። በገንዘብ ሲታሰብ 60 ሸቀል ለዓመት። ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ተበድሮ ታንክ የሚገዛ ሰው ቢኖር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለንም።

በሂሳቡ ያልገቡ ወጪዎች

ጎረቤቶቹም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። እኛ የምንኖርበት የይዝርዔል ሸለቆ ዓፉላ በ1925 ስትቆረቆር በረግረጉና በወባው የታወቀ ነበር። ረግረጉን ለማድረቅ ብዙ ሰው ደክሟል። ዛሬ ወባ የለም፤ ቢንቢ ግን አለ። በ2024 በጋ በአገራችን የምዕራብ ናይል ትኩሳት ተነሥቶ ብዙ ሰዎች ታመዋል፣ የሞቱም አሉ። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው ቢንቢ እንቁላሉን የሚጥለው በቆመ ውሃ ላይ ነው። ሲሞቅ ከእንቁላል ወደ ክንፍ ለመድረስ አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ጨምሮ ይበቃዋል። ክዳን በሌለው በርሜል የተረሳ ውሃ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ላይ ፎቅ ወዳለው ሕፃንና ወደ ታመመው ሽማግሌም ይደርሳል።

ሁለተኛው ስጋት ልጆች ናቸው። ትንሽ ልጅ በባልዲ ውሃ እንኳ ሊሰጥም ይችላል። ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ጣሪያ ላይ የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ ይከማቻል፤ «ዮሬ» የሚባለው የመጀመሪያው ዝናብ ያንን ሁሉ አጥቦ ያወርደዋል። ስለዚህ ይህ ውሃ ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ ለሕፃን ገላም አይሆንም። ከቤቱ የቧንቧ መስመር ጋር በምንም አኳኋን መገናኘት የለበትም። ለክፉ ቀን ይሆነኛል የሚልም ቢኖር፣ ሳይረን በሚጮኽባቸው ቀናት በመጠለያው ሊቀመጥ የሚገባው የታሸገ የመጠጥ ውሃ ነው፤ የሚመከረውም ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ነው።

አራተኛው ደግሞ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። አሸንዳውም ግቢውም የአሥራ ስድስት ቤት ነው። በ1959 የወጣው የውሃ ሕግ የአገሪቱን የውሃ ምንጮች የሕዝብ ሀብት አድርጎ ደንግጓል። አንድ ባልዲ ውሃ ያቆመን ሰው ማንም አይከሰውም። ሐሳቡን ግን ልብ ልንለው ይገባል፦ በእኔ ጣሪያ ላይ ስለወረደ ብቻ ነገሩ ሁሉ የእኔ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

በሂሳቡ ያልገቡ ጥቅሞች

በሌላ በኩል በሸቀል የማይታዩ ጥቅሞችም አሉ። በ1964 ከኪኔሬት ወደ ደቡብ ውሃ የሚወስደው ትልቁ መስመር ሥራ ጀመረ። በ2005 በአሽኬሎን ትልቁ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ በአገሪቱ ለመጠጥና ለቤት ከሚቀርበው ውሃ ብዙው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ነገር ግን አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ለማጣራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው የሚመነጨው ከጋዝ ነው። ስለዚህ የተቆጠበ ውሃ የተቆጠበ ነዳጅም ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ወደ አስፋልት ከሚሮጥ ወደ አፈር ቢገባ ደግሞ የመንገዱን ጎርፍ ይቀንሳል፣ ለምድርም ይደርሳታል። ለዚህ ታንክ አያስፈልግም፤ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ አለመድፈን ይበቃል።

ትልቅ ጣሪያና ብዙ ተጠቃሚ ባለበት ደግሞ ሚዛኑ ይለወጣል። በአገራችን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የጣሪያቸውን ዝናብ አጠራቅመው ለመጸዳጃ ቤት ይጠቀሙበታል። መጸዳጃ ቤት በክረምትም ውሃ ይፈልጋልና ውሃው በወረደበት ወቅት ሥራ ላይ ይውላል፤ ልጆቹም ውሃ ከቧንቧ እንደማይፈጠር ያያሉ።

የእናቲቱ ጥቅም ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ሂሳብ ሳናወጣ ቁጭ ብለን ሰማናቸው። በዚህ ቤት ሁሉም ሥራ የማሽን ነው፤ ቋንቋው የልጆች ነው፤ ገንዘቡ የልጃቸው ነው። እሳቸው አውቀው የሚሠሩት፣ ማንም ሳያስተምራቸው የሚችሉት አንድ ነገር ቢኖር ውሃን ከመባከን ማዳን ነው። በርሜሉ ሲጣል የተጣለው ያ ዕውቀት መስሏቸው ነበር። ይህን ወጪ በየትኛው መስመር ላይ ልንጽፈው እንችል ነበር?

ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው?

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያውስ ሂሳብ ከንቱ ነው ማለታችሁ ነው?» ሊለን ይችላል። አይደለም። ሂሳብ ያልሠራ ሰው ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ይገባል። ስህተታችን ማስላታችን ሳይሆን ሚዛኑ ላይ ምን እንደሚወጣ ብቻችንን መወሰናችን ነበር። በገንዘብ የሚቆጠረውን ቆጠርን፤ የማይቆጠረውን ዜሮ ብለን ጻፍን። የማይቆጠር ነገር ግን ዜሮ አይደለም። «ለእኔ ክብሬ ነው» የሚል ሰውም በበኩሉ የጎረቤቱን ሕፃን ዜሮ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ክብርም ቢሆን ቢንቢን አይከላከልም።

በዚህ ረገድ ከአባቶቻችን ሥርዓት አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። በእስራኤል ምድር በዘወትር ጸሎት ዝናብን መለመን የሚጀመረው በሄሽቫን ወር በ7ኛው ቀን ነው። የሱኮት በዓል ካለቀ ገና አሥራ አምስት ቀን መጠበቁ ለምንድን ነው? ጥንት ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው የመጨረሻው ሩቅ መንገደኛ እስከ ኤፍራጥስ ወንዝ ድረስ በደረቅ መንገድ ይግባ ተብሎ ነው። ገበሬው ዝናቡን ይፈልገዋል፤ ማሳው ደርቋል። ቢሆንም ቤቱ ላልደረሰው ሰው ሲባል ልመናውን ያዘገያል። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰና መንገደኞቹ ከቀሩ ብዙ መቶ ዓመት አልፏል፤ ቀኑ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እንግዲህ ጥቅምን መመዘን ማለት በቤቱ የሌለውን ሰው ጭምር መቁጠር ማለት ነው።

በዚያ ቤት የሆነውን ነግረናችሁ እንጨርስ። የቫዓዱን ሰብሳቢ፣ እናቲቱንና ልጃቸውን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጥን። ትልቁ በርሜል እንዲነሣና በምትኩ ክዳንና ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያለው ትንሽ ማጠራቀሚያ እንዲተከል፣ ውሃው ለግቢው አትክልትና ደረጃ ለማጠብ ብቻ እንዲውል፣ በየሳምንቱ እንዲገለበጥ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ጨርሶ ደርቆ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ሳፋዎቹ ከሚርፔሴቱ ተነሡ። እናቲቱ ይህን የተቀበሉት በደስታ አልነበረም። ላይ ፎቅ ያሉት አንዲት ጎረቤትም አሁን ድረስ አላመኑም፤ ክዳኑን እየመጡ ያያሉ። ይህም መብታቸው ነው።

እናቲቱ ግን በዚያው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናገሩ። «ዝናቡን ትታችሁ የቤቱን ስሙ፤ ሌሊት ሌሊት ውሃ ይሄዳል» አሉ። ልጃቸው ሄዶ ቢያይ የመጸዳጃ ቤቱ ኒያጋራ ሳያቋርጥ ያፈስስ ነበር። እሳቸው ለወራት ሲናገሩ ማንም አልሰማቸውም። የውሃውንም ደረሰኝ አውጥተን ስናይ፣ ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት የተመዘገበው ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማልና ልብ በሉት። እያንዳንዱ ሰው በወር 3.5 ሜትር ኩብ በዝቅተኛው ዋጋ የማግኘት መብት አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው ዋጋ ይታሰባል። ስድስት ሰው ያለው ቤት 21 ሜትር ኩብ ይገባዋል፤ ሁለት ሰው ብቻ ከተመዘገበ ግን 7 ብቻ ነው። ቤቱ በወር 18 ሜትር ኩብ ቢጠቀም 11 ሜትር ኩብ በከፍተኛው ዋጋ ይታሰብበታል፤ ልዩነቱም በወር ወደ 77 ሸቀል ይደርሳል። ይህ ከአርባ ስምንት በርሜል ዝናብ ዋጋ አያንስም። ስለዚህ፦

ደረሰኛችሁ ላይ የተጻፈውን የሰው ቁጥር አረጋግጡ፤ ልጅ ከተወለደ ወይም አያት ከእናንተ ጋር መኖር ከጀመሩ የመታወቂያ ቁጥራቸውን ይዛችሁ ለውሃው ኮርፖሬሽን አስመዝግቡ።

ኒያጋራው ውስጥ ማታ ትንሽ ቀለም ያለው ነገር ጨምሩ፤ ሳትጠቀሙበት ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ያፈስሳል ማለት ነው።

ከቧንቧ ጠብ የሚል ውሃ ካለ ለአንድ ሰዓት ኩባያ ከሥሩ አስቀምጡና በ24 አባዙት፤ የቀኑን ብክነት ታገኛላችሁ።

ዝናብ ማጠራቀም የምትወዱ ካላችሁ ትንሽ፣ የተከደነና ጎረቤት የተስማማበት ይሁን።

በየቤታችሁም «ውሃ ይሄዳል» የሚሉ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ስንት ሸቀል እንደሆነ ከመንገራችሁ በፊት ተነሡና ሄዳችሁ እዩ። እኛ ይህን የተማርነው ከተሳሳትን በኋላ ነው።

የበረከት ዝናብ፣ የሰላም ክረምት ያድርግልን። ሻሎም ሁኑ።